ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ቤተ ሰብና የፖቶማክ ወንዝ ድንበር

በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን፣ በአጠገቧም ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች፣ ከአገራችን የወጡ እጅግ ብዙ ቤተ ሰቦች እንደሚኖሩ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እነዚህ ቤተ ሰቦች ሳምንቱን በሥራና በትምህርት ተለያይተው ይሰነብቱና ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ ልጆቻቸውን ከቤት የሚያወጡበትን ስፍራ ይፈልጋሉ። ከሚወዷቸውም ስፍራዎች አንዱ የፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ወንዙ ከምዕራብ ተራሮች ተነሥቶ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ቼሳፒክ ወደሚባለው የባሕር ሰላጤ ይገባል። በከተማይቱ አጠገብ ሲያልፍ ሰፊና ጸጥተኛ ነው፤ የባሕሩም ውኃ በየቀኑ ከፍና ዝቅ ማለቱ እስከዚያ ድረስ ይሰማል። በጸደይ ወራት ዕንቍላል ለመጣል ወደ ላይ የሚወጡ ዓሦች ስለሚሞሉበት፣ በዚያ ጊዜ ዘንግና መንጠቆ ይዞ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚሆን መዝናኛ ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም እኩል ይቀመጡበታል። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሲነዳ የሰነበተ አባት ከልጁ ጋራ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቃል ሳይናገር ቢቀመጥ ልጁ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ነገር ያገኝበታል። እንዲህ ያለው ቀን ሲበላሽ ግን የሚበላሸው አንድ ቅዳሜ ብቻ አይደለም።

ባለፉት ዓመታት በአንዱ የሚያዝያ ወር በወዳጃችን ቤተ ሰብ ላይ የደረሰውን የምንጽፈው ስለዚህ ነው። ወዳጃችን በቨርጂኒያ በኩል በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖር፣ ጠንቃቃና ሕግ አክባሪ ሰው ነው። ከባለቤቱ፣ ከሁለት ልጆቹና ከአገር ቤት ልትጠይቃቸው ከመጣች እናቱ ጋራ ወደ ወንዙ ሲወጣ እኛንም ጋበዘን። ከመውጣቱ አስቀድሞ የቨርጂኒያን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ገንዘብ ከፍሎ አውጥቶ በኪሱ ይዞ ነበር። የሄድንበትም ስፍራ ግራቭሊ ፖይንት የሚባለው፣ ከብሔራዊው አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ሰሜን ያለው መስክ ነው። አውሮፕላኖቹ ከራስ በላይ ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ ልጆች ከዓሣው ይልቅ እነርሱን ለማየት ይመጣሉ። የእኛ አገር አውሮፕላን የሚያርፈው ግን በዚያ ሳይሆን ራቅ ብሎ በደለስ መሆኑን ታናሹ ልጅ ሲሰማ ጥቂት አዘነ።

እናትዮዋ የባሕር ዳር ሰው ናት። በጣና ላይ በደንገል ታንኳ ተቀምጠው አምባዛና ቆሮሶ የሚያወጡትን እያየች ያደገች ስለ ሆነች፣ የልጅዋን ቀጭን ዘንግና ባለ ቀለም ክር አይታ ሳቀች። «ልጄ፣ በዚህ ዓሣ ይያዛል ወይስ ይታለላል?» አለችው። እንጀራው ተፈታ፤ ቡናው ከፐርሙዙ ተቀዳ። የአሥራ አንድ ዓመቷም ልጅ በራስዋ ዘንግ መጀመሪያ አንድ ፐርች፣ ቆይታም ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ሌላ የብር መልክ ያለው ዓሣ አወጣች። ሁለቱንም ውኃ በሞላበት ባልዲ ውስጥ አድርጋ ከአጠገቡ አልነሣም አለች።

ጠባቂው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም። ሰላምታ ሳይሰጥ ፈቃድ ጠየቀ። ወዳጃችንም ደስ ብሎት ወረቀቱን አውጥቶ ሰጠው፤ የሚያሳየው ነበረውና። ጠባቂው ግን ወረቀቱን አንብቦ መለሰለትና ይህ የቨርጂኒያ ነው፣ ውኃው ግን የዋሽንግተን ነው አለው። ወዳጃችን እግሩ ያለበትን ሣር እያሳየ፣ «ጌታዬ፣ የቆምሁት በቨርጂኒያ ምድር ላይ ነው» ቢለው፣ አንተ በቨርጂኒያ ቆመሃል፣ መንጠቆህ ግን በዋሽንግተን ነው ብሎ መለሰለት።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ተሳስቀን በተለያየን ነበር። ነገር ግን ጠባቂው ድምፁን ከፍ አደረገ። የወዳጃችንን መታወቂያ ከተቀበለ በኋላ ዘንግ ያልያዘችውን ባለቤቱንም ጠየቀ፤ ቋንቋውን የማታውቀውንም እናቱን በጣቱ እያመለከተ ይህች ማን ናት አለ። ወደ ባልዲውም ሄዶ የብር መልክ ያለውን ዓሣ አይቶ ይህን በዚህ ወር መያዝ ክልክል ነው አለና ባልዲውን አንሥቶ ሁሉንም ወደ ወንዙ ደፋው። የተፈቀደው ፐርችም አብሮ ሄደ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ አባቷን አየችው። አባቷም በዚያ ጊዜ ሁለቱን እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ሰው እንዲያያቸው አድርጎ ይዞ ነበር፤ በዚያ አገር ፖሊስ ፊት እንዲህ መቆም እንደሚገባ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ልጅቱ ግን አባቷን እንዲህ ቆሞ አይታው አታውቅም። የክስ ወረቀቱ ተጽፎ ተሰጠው። ወደ ቤት ስንመለስ በመኪናው ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እናትዮዋ ብቻ፣ «የጣና ውኃ የማን ነው ብሎ የጠየቀን የለም» አለች።

ጠባቂው በሕጉ ነገር አልተሳሳተም፤ ይህንን መሸሸግ አይገባም። የዚህ ወንዝ ድንበር ግን የባዕድ አገር ሰው ቀርቶ የአገሩ ተወላጅ የሚሰናከልበት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1632 የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የሜሪላንድን ምድር ለሎርድ ባልቲሞር ሲሰጥ ድንበሩን በወንዙ መካከል ሳይሆን ከወዲያኛው ዳር ላይ አደረገው። ከዚህም የተነሣ ወንዙ በሞላው የሜሪላንድ ሆነ። ቨርጂኒያ በገዛ ዳርቻዋ ላይ ቆማ የሰው ውኃ የምታይ ሆና ቀረች። በ1785 የሁለቱ ግዛቶች መልእክተኞች በጆርጅ ዋሽንግተን ቤት በማውንት ቨርነን ተሰብስበው ዓሣ የማጥመዱ መብት ለሁለቱም ሕዝብ የጋራ እንዲሆን ተስማሙ። ዋሽንግተን ራሱ ከቤቱ ሥር ሄሪንግና ሻድ የሚባሉትን ዓሦች በመረብ እያስወጣ ይሸጥ ስለ ነበር ነገሩ የሚነካው ሰው ነበር። በኋላም ለመንግሥቱ መቀመጫ የሚሆን ምድር ሲከለል ሁለቱም ግዛቶች ከየድርሻቸው ሰጡ፤ በ1846 ግን የቨርጂኒያው ድርሻ ተመለሰላት። የተመለሰላት ምድሩ ነው፤ ውኃው አልተመለሰላትም። በ1945 የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የዋሽንግተንን ድንበር በቨርጂኒያ በኩል ውኃው ከፍ ሲል እስከሚደርስበት ዳርቻ ድረስ እንዲሆን ወሰነ፤ በ1941 የተከፈተው አውሮፕላን ማረፊያ ግን በቨርጂኒያ ውስጥ እንዲቈጠር አደረገ። እንግዲህ በግራቭሊ ፖይንት የሚቆም ሰው ክሩን ባወረወረ ቍጥር ድንበር ይሻገራል ማለት ነው።

ከከተማይቱ በታች ነገሩ የባሰ ነበር። ስለ ኦይስተር፣ ይኸውም በባሕር ወለል ላይ ስለሚለቀም ባለ ቅርፊት ፍጥረት፣ የሁለቱ ግዛት ሰዎች ብዙ ዘመን በጠመንጃ ተዋግተዋል። ሜሪላንድ በ1868 ለዚሁ ሥራ ባለ ጀልባ ፖሊስ አቋቋመች፤ በ1959 አንድ የቨርጂኒያ ሰው በሌሊት ሲለቅም በዚሁ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ቀደም ሲል በ1958 ሁለቱ ግዛቶች አዲስ ውል ተዋውለው ነበርና ውሉ በ1962 ጸድቆ የታችኛውን ወንዝ ዓሣ የሚቈጣጠር የጋራ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። የውኃ ጠባቂ ሥራ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

የተደፋውም ዓሣ የራሱ ታሪክ አለው። የአገሩ ሰዎች ሮክፊሽ የሚሉት፣ በጎኑ ላይ ጥቍር መሥመር ያለው፣ ሜሪላንድ በ1965 የግዛቷ ዓሣ ብላ የሰየመችው ነው። ያለ ልክ ከመጠመዱ የተነሣ ሊጠፋ ስለ ደረሰ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ድረስ ፈጽሞ እንዳይያዝ ከለከለች። ዛሬም ዕንቍላል በሚጥልበት በጸደይ ይከለከላል፤ የጊዜውና የቁመቱ ልክ ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትንሹ ሮክፊሽ ከነጩ ፐርች ጋራ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ለማያውቅ ሰው መለየቱ ይቸግራል፤ መሥመሩን ማየት ነው። ስኔክሄድ የሚባለው ከእስያ የመጣው ዓሣ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2002 በሜሪላንድ በአንድ ኩሬ፣ በ2004 በዚህ ወንዝ ተገኘ። ባለ ሥልጣኖቹ የያዘ ሰው እንዲገድለው ይወዳሉ፤ በሕይወቱ ይዞ መሄድ ግን ያስቀጣል።

ወደ ወንዙ ለሚወጣ ቤተ ሰብ ማወቅ የሚገባው ይህን ያህል ነው። በዋሽንግተን ውኃ ውስጥ ከ16 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው የዋሽንግተንን ፈቃድ መያዝ አለበት፤ የቨርጂኒያም የሜሪላንድም ፈቃድ በዚያ አያገለግልም። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሦስቱም ስፍራ ፈቃድ አይጠየቁም። ከዚህ ውኃ ለምግብ ሊወስድ የሚያስብም ሰው የጤና ጥበቃውን ማስታወቂያ አስቀድሞ ያንብብ፤ ሁሉም ዓሣ የሚበላ አይደለም። ይህ የፈቃድ ነገር በባዕድ አገር ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ አገራችንም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 315 የዓሣ ሀብቷን በሕግ ሥር አድርጋለች።

ወዳጃችንን ያስጨነቀው ግን የገንዘቡ ቅጣት አልነበረም። በዚያ ጊዜ ለአሜሪካ ዜግነት አመልክቶ ጥሪ ይጠብቅ ነበር። የማመልከቻውም ቅጽ ሕግ አስከባሪ ይዞት ወይም የክስ ወረቀት ሰጥቶት እንደሚያውቅ አመልካቹን ይጠይቃል። ሌሊት ተነሥቶ ወረቀቱን ደጋግሞ ሲያነብ ባለቤቱ አገኘችው። አንዳንድ ሰዎች ዝም በል፣ ስለ ዓሣ የሚጠይቅህ የለም ብለው መከሩት፤ ይህ ክፉ ምክር ነው። የትንሽ ወረቀት መደበቅ ከወረቀቱ የበለጠ ጥፋት ሆኖ ይቈጠራል። እርሱም አልሰማቸውም፤ በቀኑ ከፍሎ ደረሰኙን ከማመልከቻው ጋራ አኖረ፤ ሕግ አዋቂም ጠየቀ።

ስለ ጠባቂው የምንለው አለን። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ስለ ሆኑ ነገሩ አይርቃቸውም። ሰውዬው ሕጉን ለማስከበር የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃና አንድ ወረቀት ነበር። አባትየውን ከልጆቹ ጥቂት ራቅ አድርጎ ቢነግረው ሕጉ አንዳች አይጐድልበትም፤ ባልዲውንም ልጅቱ ራስዋ እንድትደፋው ቢያዝዛት ለምን እንደሚለቀቅ ባወቀች ነበር። በሕጉ መሠረት እርስዋ ያለ ፈቃድ ማጥመድ የተፈቀደላት ነበረች። ይህንን ግን ማንም አልነገራትም፤ ዓሣ ማጥመድ ለልጅ የተከለከለ ነው ብላ አምና ዘንጓን ከአልጋዋ ሥር ጣለችው።

አባቷ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሕጉን መጽሐፍ አምጥቶ ስለ ዕድሜ የሚናገረውን ቦታ ለብቻዋ አነበበላት። እርስዋም ሁለት ጊዜ አስደገመችውና፣ እንግዲያው ፐርቹ የእኔ ነበር አለች።