ቤቱ ከደንቡ በፊት ነበር

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ባለፈው የበረዶ ወራት የጎረቤቴ ቤት ተቃጠለ። ጡረተኛ አሜሪካዊ ነው፤ ከአያቱ የወረሰው አሮጌ የእንጨት ቤት ነበር። የመሬቱ የፊት ስፋት 35 ጫማ፣ ማለትም 11 ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው። የዛሬው ደንብ 50 ጫማ ይጠይቃል። እንደ አገሬ ሰው አሰብኩና “በቃ፣ መሬቱ ለባለሀብት መሄዱ ነው” አልኩ።

ተሳስቼ ነበር። የኦሃዮ ሕግ አንቀጽ 713.15 እንደሚለው፣ የዞኒንግ ደንብ ከመውጣቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ ሲገለገሉበት የነበረ ቤትና መሬት፣ አዲሱን ደንብ ባያሟላም አገልግሎቱ ይቀጥላል። ከተማውም መልሶ ስለ መገንባት ምክንያታዊ ሁኔታዎችን በደንቡ ውስጥ የማስፈር ግዴታ አለበት። ገደብም አለው፤ ባለቤቱ በገዛ ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ካቋረጠ መብቱ ይቀራል። ከተማው ይህን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ሊያሳጥረው ይችላል።

ጎረቤቴ አልተኛም። አዲሱ ቤት ከአጎራባች ድንበር በበቂ ስለማይርቅ ልዩ ፈቃድ ጠየቀ። ለሁላችንም ማስታወቂያ ደረሰን፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነበር። አንዲት ሴት ተቃወመች፣ ተደመጠች። እኔም ተናገርኩ። ፈቃዱ ተሰጠ፤ ዛሬ ጣራው ተመቷል።

ይህን የምጽፈው አሜሪካንን ለማወደስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዞኒንግን ያጸደቀው ከዚሁ ከኦሃዮ፣ ከዩክሊድ መንደር በመጣ ክርክር ነው፤ ደንቡ ድሀና ጥቁር ለማራቅም አገልግሏል። እዚሁ ኮሎምበስ፣ ሃንፎርድ ቪሌጅ የተባለውን የጥቁሮች ሰፈር በ1960ዎቹ አውራ ጎዳና ሰንጥቆታል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተባለ። ይኸው አንቀጽ ግን ዜጋው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በሠራው ቤት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ፒያሳ፣ ቀጥሎም እኔ ያደግሁበት ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ስም ሲፈርሱ ያ መብት የት ነበር? ካሳም ሆነ ምትክ የደረሰው ሰው አለ። ሆኖም ዕድርተኛውና የቡና ጎረቤቱ ተበታትኗል፤ እሱን የሚመልስ ምትክ የለም።

እኛ በስደት ያለን ተቃዋሚዎች መሬት የግል ይሁን የመንግሥት እያልን ስንከራከር ሸበትን። ክርክሩ ይቀጥል። እስከዚያው ግን ማንም ሥልጣን ቢይዝ አንድ ነገር በጽሑፍ ቃል ይግባ፦ ሲሠራ ሕጋዊ የነበረ ቤት፣ በኋላ በተሣለ ፕላን ጥፋተኛ አይሆንም። ባለቤቱ ሳይደመጥም ዶዘር በሩ ላይ አይቆምም።

ጎረቤቴ የቀደመ ቤቱን ያስከበረለት ሕግ ለካዛንቺስ እናቶች ለምን ይበዛባቸዋል?

ቸር ይግጠመን።