ቬንትሌተር ቤት አያቀዘቅዝም

ድሬዳዋ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ሳይሆን ኮርኒሱን ነው። ቬንትሌተር ከሌለ የኪራዩ ወሬ ብዙም አይገፋም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የሆቴል ጌጥ ቢመስለው አልፈርድበትም፤ የምፈርደው ዕድሜውን ሙሉ ከሥሩ ተኝቶ ሥራውን በማያውቀው ላይ ነው።

ቬንትሌተር ቤት አያቀዘቅዝም። ሙቀቱን ከክፍሉ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፤ እንዲያውም ሞተሩ የሚበላው 70 ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ዞሮ ዞሮ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው። ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ገላችንን የከበበው አየር በራሳችን ላብ ረጥቦ እላያችን ላይ ይቆማል። ነፋሱ እሱን ገፎ ደረቅ አየር ያመጣል፤ ላቡ ይተናል፣ ሲተንም ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል። ደረቅ ቴርሞሜትር ከሥሩ ብታንጠለጥሉ ፍንክች አይልም፤ አያልበውማ! የድሬ አየር አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ እዚህ ጥሩ ይሠራል። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዚያ በላይ ነፋሱ ራሱ ገላን ያሞቃል ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። አፋር በረሃ ያላችሁ ልብ በሉ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ቬንትሌተሩን ለቀው በሩን ቆልፈው ሲወጡ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ማንን እያራገበ ነው?»

«ቤቱን ነዋ ልጄ! ስመለስ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀኝ።»

ቁም ሣጥኑ ሲራገብ ዋለ፣ ቆጣሪው ሲቆጥር ዋለ።

የሚሰቀልበት ቦታም ከዚሁ ይመጣል። ኤሌክትሪሻኑ የመብራቱ ሽቦ የወጣበት የክፍሉ መሃል ላይ ሰቅሎት ይሄዳል፤ አልጋው ግን ጥግ ነው። ነፋሱ በቀጥታ የሚወርደው ከክንፎቹ ሥር ስለሆነ፣ ለመኝታ ቤት ከአልጋው በላይ እንዲሰቅለው ንገሩት፤ የክንፉ ጫፍ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ እንጂ። አጎበር ነፋሱን ስለሚቀንሰው ከአልጋው በላይ መሆኑ እንዲያውም የግድ ነው። ለበርጫ ክፍል መሃሉ ጥሩ ነው፤ ነፋሱ ወለሉን መትቶ ወደ ግድግዳው ስለሚፈስ ፍራሽ ላይ የተደረደሩትን ሁሉ ይደርሳቸዋል። መብራት ደግሞ ከክንፉ በላይ አታድርጉ፤ ጥላው ሲመላለስ ራስ ያዞራል።

መጠኑ ብዙ አያስጨንቅም፤ ለመኝታ ቤት 120 ሳንቲ ሜትር፣ ሰፋ ላለ ሳሎን 140። ታይዋን ገበያ ስትገዙ ከቀለሙ ይልቅ ክንፎቹ ከአንድ ካርቶን መውጣታቸውን እዩ፤ ክብደታቸው ከተለያየ ሲዞር ይወዛወዛል።

ክንፉ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10፣ ከኮርኒሱ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራቅ። ከኮርኒሱ ጋር ከተጣበቀ ከላይ የሚስበው አየር ያጣል። ከዚራ ሰፈር ያሉት አሮጌ ቤቶች ጣሪያቸው ሩቅ ስለሆነ ረጅም ዘንግ ይፈልጋሉ። ቺፑድ ኮርኒስ ላይ በቡሎን ማሰር ግን በሰው ራስ ላይ መቀለድ ነው። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ጠንካራ እንጨት ፈልጉ፤ ሶሌታ ከሆነ ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት። ዘንጉን የያዘው ቡሎን ጫፍ ላይ የምትገባ ትንሽ የሽቦ መቆለፊያ አለች፤ ሠራተኛው «ትርፍ ናት» ብሎ ኪሱ ሊከታት ይችላል፤ ሳትገባ ከመሰላሉ እንዳይወርድ።

ከዓመታት በኋላ መዞሩ ቢዝል ወይም አልነሳ ቢል «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚላችሁን ቶሎ አትመኑ። አጥፍታችሁ ክንፎቹን በእጅ አዙሩ፤ ያለ ችግር ከዞሩ አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ካፓሲተሩ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ሲተያይ ዋጋው ኢምንት ነው። ቆጣሪውን አስጠፍታችሁ እሱን አስቀይሩ፤ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን።