የበቆሎ ዋጋ እና የሕፃን ክንድ

ወላይታ፣ ሁምቦ ወረዳ ውስጥ አንድ ጤና ኬላ ብትገቡ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ከክትባት ካርዱና ከመዝገቡ አጠገብ አንዲት ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ታገኛላችሁ። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አላት። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ልጅ ሲመጣ እናቱ እጅጌውን ትሰበስባለች፣ ጥብጣቧ ግራ ክንዱ ላይ በትከሻውና በክርኑ መሐል ትዞራለች። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ አረንጓዴ ነው፤ እናት ተመስገን ብላ ትሄዳለች። ከዚያ ወርዶ እስከ 11.5 ቢጫ፣ ከ11.5 ካነሰ ቀይ። ቀይ ማለት ልጁን የምግብ እጥረት ክፉኛ ጎድቶታል፣ ከኦቾሎኒ የሚዘጋጀው ፕላምፒ ነት ይጀመርለት ማለት ነው። ሰውነቱ ክፉኛ ካበጠ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ካለው ተኝቶ መታከም አለበት።

ጥብጣቧ የጤና ዕቃ ናት፤ የምትለካው ግን ጤናን ብቻ አይደለም። በቆሎ በወረዳው ከተማ በጠበላ ገበያ ተወድዶ ሲሰነብት ቢጫውና ቀዩ ይበዛል። እኔ እንደ ገበያ ሚዛንም አያታለሁ።

ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ባንክንና ዶላርን ነው። ስለ ጤና ሲወራ ደግሞ ሐኪምና መርፌ። ሁለቱ የሚገናኙት ጓዳ ውስጥ፣ እናት ዛሬ ምን ልሽጥ፣ ምን ላስቀር ብላ በምታሰላበት ሰዓት ነው። በየስብሰባው ግን ሕዝቡ ልጁን ቶሎ ያላሳከመው፣ ጫማ ያላደረገው፣ የጤና መድኑን ያላደሰው “ከግንዛቤ እጥረት የተነሣ” ነው ይባላል። ይህ ሐረግ የማይገኝበት ሪፖርት አላውቅም። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚያንሰው ግንዛቤ ሳይሆን ኪስ ነው።

የ2000 ዓ.ም. በልግ ይታወሳችሁ። ወላይታ ውስጥ መሬት ጠባብ ነው፤ ብዙው አባወራ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር በታች ነው። የመኸሩ በቆሎ ለጥቂት ወራት ይበላና ከየካቲት ጀምሮ ጎተራው ይራቆታል። እሸት እስኪደርስ ያለውን ክፍተት የሚሞላው ስኳር ድንች ነው። ከስኳር ድንቹ ጀርባ እንሰት አለ። እንሰት የቤቱ ባንክ ነው፤ ነገር ግን ደርሶ ቆጮ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል፤ ያለ ጊዜው ከተቆረጠ የነገው ተበላ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረና ስኳር ድንቹ ከሸፈ። ዝናቡ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ አገሩ ለመለመ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ በመኪና መስኮት የሚያየው ሁሉ አረንጓዴ ነበር፤ እቤት ውስጥ ግን እግራቸውና ፊታቸው ያበጠ ሕፃናት ነበሩ። “አረንጓዴ ረሃብ” የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው።

የዝናቡ መቅረት ብቻውን ግን ያን ያህል አይጎዳም ነበር። በዚያው ዓመት የእህል ዋጋ በዓለም ገበያ ነድዶ ነበር፤ በአገራችንም ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ክረምቱ ላይ ከ60 በመቶ አለፈ። የመንግሥት የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ድሃው ገበሬ በክፍተቱ ወራት እርከን ሲሠራ፣ መንገድ ሲጠርግ ይውላል፣ በቀን 6 ብር ይከፈለዋል፤ 6 ብሩ 3 ኪሎ እህል ይገዛለታል። ስሌቱ በተሠራበት ጊዜ ልክ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ክፍያው 8 ብር ሆነ። ይሁንና የአንድ ኪሎ በቆሎ ዋጋ ወደ 5 ብር በተጠጋበት ክረምት 8 ብር የሚገዛው አንድ ኪሎ ከ600 ግራም ነው። ሰውዬው ያንኑ ድንጋይ ተሸክሞ ውሎ ግማሹን እህል ይዞ ይገባል። ማንም አልቀነሰበትም፤ እንዲያውም ወረቀት ላይ ተጨምሮለታል።

ግሽበት ወደ ሰውነት የሚገባው በዚህ በር ነው። ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው የምግቡ መጠን ሳይሆን ዓይነቱ ነው። እንቁላሉ ገበያ ይወጣል፣ ቅቤው ይሸጣል፣ ቦሎቄው ይሸጣል፣ ለልጆቹ የሚቀረው በቆሎና ጎመን ይሆናል። ሆድ ይሞላል፣ ሰውነት አይገነባም። ቀጥሎ ምሳ ይቀራል። በዚህ መሐል ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ ከገባ፣ የጠገበ ልጅ በሳምንት የሚወጣው ሕመም የተራበውን ይጥለዋል። ሞቱ ሲመዘገብ “ተቅማጥ” ተብሎ ነው። “የበቆሎ ዋጋ” ተብሎ የሚመዘገብ ሞት የለም።

የጫማው ነገር ከዚህም ይብሳል። በወላይታ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለዓመታት ሲያርስ የኖረ ሰው እግሩ ማበጥ ይጀምራል፤ ቆዳው ይጠነክራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይሸታል። ሕዝቡ የዝሆኔ በሽታ ይለዋል፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ። ይህኛውን ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ በተገኘው አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ሰርገው ይገቡና የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ሥሮች ያቆስላሉ። በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘው ይገመታል። መከላከያው ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ነው። ከዚህ የቀለለ መከላከያ ያለው በሽታ ማግኘት ይከብዳል።

ታዲያ ለምን አልጠፋም? ወላይታ ገጠር ውስጥ እሑድ ጠዋት መንገድ ዳር ቁሙ። ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በባዶ እግር የሚመጡ ሰዎች ታያላችሁ፤ ጸሎት ቤቱ ደጅ ሲደርሱ እግራቸውን ጠረግ አድርገው ያጠልቁታል። ይህ ሰው ጫማ ምን እንደሚጠቅም አያውቅም ልትሉት ነው? አሳምሮ ያውቃል። ጫማው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ማሳ ላይ ካበቃለት ሌላ መግዣ ስለሌለው ነው የሚቆጥበው። ርካሹ የላስቲክ ኮንጎ ደግሞ ጭቃው በየቀዳዳው ይገባል፤ እግር ሸፍኖ የሚከላከለው ጫማ ዋጋው ሌላ ነው።

በሽታው በተራው ድህነትን ይወልዳል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ ያካሄዱትንና እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ጥናት ስንመለከት፣ አንድ ታማሚ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ ያህሉን ያጣል። 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በነበረው ዞን በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ያደርስ ነበር። በዚህ ሒሳብ የጫማ ድጎማ ምጽዋት አይደለም፤ አዋጭ ንግድ ነው። ሶዶ ላይ ታማሚዎችን እግር ማጠብና መጠቅለል ሲያስተምር፣ ጫማ ሲያቀርብ የኖረው ሞሲ ፉት ማኅበር የሠራው ሥራ ከማንኛውም ስብሰባ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ ዶላሩ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከአገራችን መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ታማሚ በየወሩ የሚውጠው ክኒን በዶላር የተገዛ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም ቢሆን ዶላሩ በርካሽ ዋጋ ወረቀት ላይ እንጂ ባንክ ውስጥ አይገኝም ነበር፤ መደርደሪያው ያኔም ባዶ ነበር። መንግሥት ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ድጎማ እንደሚያደርግ ቢያስታውቅም፣ ድጎማው የሚሠራው መድኃኒቱ በመንግሥት መስኮት ሲገኝ ነው። ታማሚው ከመስኮቱ ተመልሶ “ከውጭ ይግዙ” የተባለባትን ቁራጭ ወረቀት ይዞ የግል ፋርማሲ ደጅ ሲቆም የሚጠብቀው የገበያ ዋጋ ነው። ክኒኑን በቀን ሁለት ከመዋጥ አንድ አንድ እያደረገ ለሁለት ወር ያደርሰዋል። የደም ግፊት ደግሞ ሥቃይ ስለሌለው ይህን ቁጠባ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ አንድ ቀን ግማሽ ጎን እስኪያዝ ድረስ።

መድን አለ አይደለም ወይ? አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንደኛው የወላይታው ዳሞት ወይዴ ነበር። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ ሲታመም ከኪሱ አያወጣም። እውነትም ብዙ ሰው ላሟን ሳይሸጥ እንዲታከም አድርጓል። የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ የመሰብሰቢያው ወቅት ነው፤ ምርት ሲገባ የሚጠየቅ ሰው ይከፍላል፣ በክፍተቱ ወራት የሚጠየቅ አይከፍልም። ሁለተኛው ያቺ “ከውጭ ይግዙ” የምትል ወረቀት ናት። ከፍሎ አባል የሆነ ሰው መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶ ከገባ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ያድሳል? ወላይታ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ ከጎረቤቱ ጋር እየቆጠበ፣ ቀኑ ሲደርስ ቅርጫውን የሚካፈል ሕዝብ ነው። በጋራ ማዋጣትን የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። ለጊፋታ የሚያዋጣው ሥጋው እንደሚደርሰው ስለሚያውቅ ነው።

ከሁሉ የማይታየው መንገድ ደግሞ በሠራተኛው ደመወዝ በኩል ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. ወላይታን ጨምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ብዙ አካባቢዎች የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ወረዳዎች ለገበሬ በዱቤ የወሰዱት የማዳበሪያ ዕዳ ከበጀታቸው መቆረጡ ነበር። እዩት እንግዲህ፦ በዓለም ገበያ የማዳበሪያ ዋጋ ይንራል፣ ገበሬው በዱቤ ይወስዳል፣ መክፈል ያቅተዋል፣ ወረዳው ይቆረጥበታል፣ ነርሷ ደመወዟን ታጣለች። ሁለት ወር ያልተከፈላት አዋላጅ ሌሊት ተጠርታ ብትቀር የሙያ ሥነ ምግባር ጉድለት ነው የሚባለው።

በአባያ ሐይቅ በኩል ያለው የወላይታ ቆላ የወባ አገር ነው። ወባ ደግሞ በበጀት የሚከለከል በሽታ ነው፤ አጎበር፣ ርጭት፣ ምርመራና ክኒን ከተቋረጠ ይመለሳል። ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግሪክ ወባን ያጠፋችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነበር፤ በዚያው አቆጣጠር ከ2009 በኋላ በገባችበት የዕዳ ቀውስ የመንግሥት ወጪዋን ስትቆርጥ የትንኝ ቁጥጥሩም ተነካና በ2011 በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ከውጭ ያልመጣ፣ እዚያው የተያዘ የወባ በሽተኛ በደርዘን ተገኘ። እኛም ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ በአንድ ትእዛዝ ሲቆም 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ተደርጓል። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት ጤና ኬላ ለመድረስ ሳምንታት ብቻ ወሰደበት።

ሁምቦ የመጥፎ ዜና አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጠበላ በላይ ያለው ተራራ ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ ተራቁቶ ነበር። ወርልድ ቪዥን ከገበሬዎች ጋር ሆኖ፣ ችግኝ በብዛት ከመትከል ይልቅ መሬት ውስጥ የቀረውን የአሮጌ ዛፍ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ በመጠበቅ፣ 2,728 ሄክታር መልሶ አለበሰ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም በዓመቱ የመጀመሪያውን ክፍያ ፈጸመ። ገንዘቡ የገባው ለሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆን፣ ወፍጮና የእህል መጋዘን ተሠርቶበታል።

መጋዘኑን ልብ በሉልኝ። ገበሬ በቆሎውን በኅዳር በርካሽ የሚሸጠው ዕዳ ስላለበትና ነቀዝ ስለሚፈራ ነው፤ በግንቦት ያንኑ በቆሎ በውድ ይገዛዋል። ለክፍተቱ ወራት እህል የሚያቆይ መጋዘን ከብዙ ክኒን ይልቅ የሕፃን ክንድ ያወፍራል። በጤና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ውስጥ ግን መጋዘን የሚባል ነገር የለም፤ እሱ የኅብረት ሥራ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለወረዳና ለዞን ባለሥልጣናት አንድ ልመና አለኝ፤ በጀት አይጠይቅም። የሳምንቱ የበቆሎ ዋጋ ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። ቀይና ቢጫ የተለኩት ልጆች ቁጥር ጤና ጽሕፈት ቤት አለ። ሁለቱ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። እባካችሁ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉልን፤ ዋጋው ሲወጣም ክንዱ እስኪቀጥን ሳትጠብቁ ፕላምፒ ነቱንና የሴፍቲኔቱን ክፍያ አስቀድሙ።