በሁለት ፊደል የሚማር ልጅ

በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ብዙ ሕፃናት በሁለት ዓይነት ፊደል ማንበብን ይማራሉ። ሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከፈቀደ ወዲህ፥ የጋሞ ቋንቋ በላቲን ፊደል፥ አማርኛ ደግሞ በግእዝ ፊደል ይሰጣል። ስለዚህ ልጃችን ንባብ ቢደናገረው፥ ሰነፍ ነው ብለን ከመቈጣታችን አስቀድመን ልዩነቱን ልንረዳለት ይገባናል።

በላቲን ፊደል «ማ» ለማለት ሁለት ምልክት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ተነባቢ፥ ሁለተኛው አናባቢ ይባላል። በግእዝ ፊደል ግን ሁለቱ በአንድ ምልክት ተዋሕደዋል፤ አናባቢው ሲለወጥ ቅርጹም ከግእዝ እስከ ሳብዕ በ7 መልክ ይለወጣል። ሳድሱም፥ በ«ቤት» መጨረሻ እንዳለው «ት»፥ ያለ አናባቢ የሚነበብበት ጊዜ አለ።

ደግሞም በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀው ድምፅ ከሚላላው አይለይም። የልደት በዓል «ገና» እና «ገና አልመጣም» የምንለው «ገና» በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ በጋሞ ቋንቋ ግን ለሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ይደገማል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ማታ ማታ ልጃችንን አጠገባችን አስቀምጠን፥ አንዱን ቃል በሁለቱም ፊደል አስጽፈን ድምፁን በየተራ እናሰማው። ልዩነቱን ከለየ፥ ሁለቱ ፊደላት ሁለት በር ይሆኑለታል እንጂ መሰናክል አይሆኑበትም።