አንድ ዲስክ ለሦስት ዓይነት ኮምፒውተር

አንድን ሲዲ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገቡት የዊንዶውስ መጫኛ ይወጣል፤ ያንኑ ሲዲ ማክ ውስጥ ሲከቱት የማክ መጫኛ ብቻ ይታያል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከወጡት የጨዋታና የትምህርት ዲስኮች ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ። ምስጢሩ ያለው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ሆን ተብሎ በተተወ ባዶ ቦታ ነው።

በ1985 የኮምፒውተር ኩባንያዎች ተወካዮች አሜሪካ ውስጥ፣ ታሆ ሐይቅ አጠገብ ባለ ሃይ ሲየራ በተባለ ሆቴል ተሰብስበው የሲዲ ፋይሎች አቀማመጥ አንድ ወጥ እንዲሆን መከሩ። ሐሳባቸው ተሻሽሎ በ1988 አይኤስኦ 9660 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ደረጃው የመጀመሪያዎቹን 16 ሴክተሮች፣ ማለትም 32,768 ባይት፣ አይነካም። ማክ ደግሞ ስለ ዲስኩ አከፋፈል የሚነግረውን ሰንጠረዥ የሚፈልገው እዚያው ነው። ስለዚህ ዲስኩ ሁለት ማውጫ እንዳለው መጽሐፍ ይሆናል። ድምፅና ሥዕል አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፈው ሁለቱም ማውጫዎች ወደ እነርሱ ይመራሉ። የሲዲ አቅም 650 ሜጋባይት ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ብልኃት ነበር።

የፋይል ስም ሌላ ጣጣ ነው። አይኤስኦ 9660 በጥብቁ ደረጃው ስምንት ፊደልና ሦስት ፊደል ቅጥያ፣ ያውም በላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ በቁጥርና በሥረ ሰረዝ (_) ብቻ ይፈቅዳል። ከዊንዶውስ 95 ጋር የመጣው ጆሊየት የተባለው ተጨማሪ ደንብ ስሙን እስከ 64 ፊደል አሰፋው፤ የፊደል ቁጥሮቹን የወሰደውም ከዩኒኮድ ስለሆነ፣ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ ፋይሎችን በአማርኛ መሰየም ተቻለ። ቢሆንም የመጫኛው የራሱ ፋይሎች በአጭር የላቲን ስም ቢቀመጡ እመርጣለሁ፤ ጆሊየትን የማያውቅ ኮምፒውተርም ያገኛቸዋልና።

መጫኛውን በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ጊዜ ጽፎ ለሁሉም ማዋል ይቻላል። ነገር ግን ተጠቃሚው ጃቫ ከሌለው መጫኛው ራሱ አይነሣም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሆን ጃቫ አብሮ ዲስኩ ላይ መኖር አለበት። ለእኔ ሦስት ትንንሽ መጫኛዎች ይሻላሉ። የዊንዶውሱ ፋይሎቹን ገልብጦ ማራገፊያውን ይመዘግባል። በማክ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን ወደ አፕሊኬሽንስ ፎልደር መጎተት ይበቃል። ሊኑክስ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ የፋይል ፈቃዶች ዲስኩ ላይ የሚቆዩት ሮክ ሪጅ በተባለው ተጨማሪ ደንብ ሲጻፍ ነው። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከሲዲ በቀጥታ ፕሮግራም እንዳይነሣ ይከለክላሉ፤ ያን ጊዜ የመጫኛውን ጽሑፍ ሼል በተባለው የትእዛዝ አንባቢ ማስነበብ መውጫ ነው።

ዲስኩ ሲገባ መጫኛው በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገው ኦቶረን የዊንዶውስ ነው፤ በፍላሽ የሚዛመቱ ቫይረሶች ስለተጠቀሙበትም ብዙዎች ዘግተውታል። ስለዚህ አጭር መመሪያ የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፎልደር ውጭ፣ ዲስኩ እንደተከፈተ በሚታይበት ቦታ ይቀመጥ።

የታተመ ዲስክ አይታረምም። ኢንተርኔት ለማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች መዝገበ ቃላት ወይም መማሪያ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ዲስኩን ከማባዛታችሁ በፊት ፕሮግራሙ ተጭኖበት በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ፣ የኔትወርኩን ገመድ ነቅላችሁ ሞክሩት።