ቼክ የተባለው ንጉሥ

ባንክ ቤት ወረፋ የያዘ ነጋዴ፣ በእጁ ያለው ቼክ ስሙን ያገኘው ከፋርስ ንጉሥ ነው ቢሉት ቀልድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ፋርሶች ንጉሥን «ሻህ» ይሉታል። በቼዝ የባላጋራውን ንጉሥ አደጋ ላይ የጣለ ተጫዋች «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ንጉሥህን ጠብቅ ማለቱ ነው። ቃሉ በዓረብኛ፣ በላቲንና በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝ ሲደርስ «ቼክ» ሆነ። «ቼዝ» የሚለው ስምም የዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር ነው። «ቼክሜት» ደግሞ «ሻህ ማት» ነው። ብዙዎች «ንጉሡ ሞተ» ብለው ይፈቱታል፤ የዓረብኛው «ማተ» የእኛው «ሞተ» ዘመድ ስለሆነ ለአማርኛ ጆሮ ይጥማል። በፋርስኛ ግን «ማት» መላ ያጣ ማለት ነው፤ ለጨዋታውም የሚስማማው ይኸኛው ነው። በቼዝ ንጉሥ መሄጃ ያጣል እንጂ አይገደልም።

«ቼክ» የተባለ ተጫዋች የጀመረውን ዕቅድ ትቶ ንጉሡን ማዳን አለበት። ስለዚህ ቃሉ «መግታት» የሚል ፍቺ አወጣ፤ ከመግታት ወደ መቆጣጠር፣ ከመቆጣጠር ወደ ማጣራት ተሻገረ። ዛሬ «በሩን ቼክ አድርገው» የምንለው ይህንኛውን ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ሐሰተኛ ሰነድ ለመለየት የሚያስቀሩትን ጉርድ «ቼክ» አሉት፤ ስሙ ቆይቶ ወደ ገንዘብ ማዘዣው ወረቀት ዞረ። ሕጋችን «በቂ ስንቅ የሌለው»፣ ተራው ሰው «ደረቅ ቼክ» የሚለው ጣጣ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አሜሪካኖች የምግብ ቤት ሒሳብንም፣ የ«ራይት» ምልክትንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ገበታው ራሱ የሄደበት መንገድ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ግምጃ ቤት ሹማምንት ግብር የሚተሳሰቡት 3 ሜትር ያህል በሚረዝም፣ 1 ሜትር ተኩል በሚሰፋ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። በላዩ መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል። አንዱ ዓምድ ለፔኒ፣ ቀጣዩ ለሽልንግ፣ ሌላው ለፓውንድ ነው፤ በዚያን ጊዜ 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ይሆን ነበር። ጸሐፊው በዓምዶቹ ላይ መቁጠሪያ እያንቀሳቀሰ ይደምራል፣ ይቀንሳል። በሮማውያን ቁጥር ወረቀት ላይ መደመር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሞከረ ሰው የጨርቁን ብልሃት ያደንቃል። ጨርቁ የቼዝ ገበታ ስለሚመስል መሥሪያ ቤቱ በገበታው ስም «ኤክስቼከር» ተባለ፤ የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እንግሊዞች የባንኩን ቼክ ከአሜሪካኖች ለየት አድርገው የሚጽፉትም በዚህ መሥሪያ ቤት አጻጻፍ ተጽዕኖ ነው።

አማርኛም ከዚያው ጨዋታ ድርሻውን ወስዷል። «ሰንጠረዥ» የመጣው ቼዝ በፋርስና በዓረብ ከሚጠራበት «ሻትራንጅ» ሲሆን፣ የዚያም ሥር የሕንዱ «ቻቱራንጋ» ነው፤ «አራት ክፍል» ማለት ሲሆን በዝሆን፣ በሠረገላ፣ በፈረስና በእግረኛ የተደራጀውን ሠራዊት ያመለክታል። በአገራችን ሰንጠረዥ የመኳንንት ጨዋታ ነበር። አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ጨዋታው ዛሬ የለም ቢባል ይቀላል፤ ስሙ ግን የሒሳብ ሠራተኛው ወጪና ገቢ በሚያሰፍርበት ባለመስመር ገጽ ላይ ቀርቷል። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም፤ እሱም እንደ እንግሊዞቹ የሒሳብ ገበታ መስመር የወጣበት ጨርቅ ነበር።