ኬልች 13፦ የወባ ተውሳክ መጉረሻ ደጅ

የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ የሚያድገው ሄሞግሎቢናችንን እየጎረሰ ነው። የሚጎርሰው በትንንሽ አፎች ሲሆን በነዚህ አፎች ዙሪያ ከሚገኙት ፕሮቲኖች አንዱ ኬልች 13 ይባላል። ፋልሲፓረም በተባለው አደገኛ ዝርያ ውስጥ ይህ ፕሮቲን ከ726 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው፤ አንዱ ጫፉም እንደ ቬንቲሌተር ስድስት ክንፎች አሉት።

አሚኖ አሲዶቹ የሚቀጠሉበትን ቅደም ተከተል የሚወስነው ዲኤንኤ ነው። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በሦስት ፊደል ይጻፋል። በ622ኛው ቦታ ላይ የተጻፈው ኤ-ጂ-ኤ፣ አርጂኒንን ያስገባል። መካከለኛዋ ጂ በቲ ስትተካ ግን በአርጂኒን ፈንታ አይሶሉሲን ይገባል። አርጂኒን ረጅም፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውና ውሃ የሚወድ ነው፤ አይሶሉሲን ቻርጅ የለውም፣ ውሃም ይሸሻል። ፕሮቲን ታጥፎ ቅርጹን የሚይዘው በእንዲህ ያለው መሳሳብና መሸሽ ስለሆነ አንዲት ፊደል እጥፋቱን ልታላላው ትችላለች። ሁሉም የፊደል ለውጥ እንዲህ አያደርግም፤ አንዳንዱ ያንኑ አሚኖ አሲድ ስለሚያስገባ ፕሮቲኑ እንዳለ ይቀጥላል።

የ622ኛው ለውጥ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መታየቱ በጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተስፋፋው ደግሞ በ580ኛው ቦታ ሲስቲንን በታይሮሲን የተካው ነው።

ሁለቱም ለውጦች መድኃኒትን ከመቋቋም ጋር የተያያዙ ናቸው። መድኃኒት የሚቋቋም ተውሳክ ሲባል የጠነከረ ነገር ያለው ይመስላል። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። የ580ኛው ለውጥ ያለበት ተውሳክ ውስጥ የኬልች 13 መጠን ይቀንሳል፤ ተውሳኩ በመጀመሪያዎቹ የዕድገት ሰዓታቱ የሚጎርሰው ሄሞግሎቢንም አብሮ ያንሳል። ኮአርተም በተባለው የወባ መድኃኒት ውስጥ ያለው የአርቴሚሲኒን ዘር መድኃኒት የሚነቃው ደግሞ ሄሞግሎቢን ሲፈጭ በሚወጣው ሄም ነው። ጥቂት የበላ ተውሳክ መድኃኒቱን በጥቂቱ ብቻ ያነቃዋል፤ መድኃኒቱ ከደም እስኪወጣ ድረስ ታግሶ ያልፋል። ኬልች 13 ጨርሶ ከጠፋ ግን ተውሳኩ ራሱ ይሞታል። ስለዚህ የሚተርፈው ፕሮቲኑን ያደከመው እንጂ ያጠፋው አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከ622ኛው ለውጥ ጋር የተዳበለው ሌላ ለውጥ ነው። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ በብዛት የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለውን የተውሳኩን ፕሮቲን ነው። ተውሳኩ ያለዚህ ፕሮቲን መኖር ስለሚችል የፕሮቲኑን ዘረመል ሙሉ በሙሉ የጣለ ተውሳክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ የ622ኛው ለውጥና የኤችአርፒ2 መጥፋት በአንድ ተውሳክ ውስጥ አብረው መገኘታቸውን አሳይቷል። በጤና ኬላ የተመረመረ ሕመምተኛ ትኩሳቱን እንደያዘ "ወባ የለብህም" ተብሎ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ደሙን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ወይም ኤልዲኤች የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልግ መመርመሪያ መጠቀም ይህን ክፍተት ይደፍናል፤ ኤልዲኤች ተውሳኩ ከስኳር ኃይል የሚያወጣበት በመሆኑ ሊጥለው አይችልም።